ወንድሜን የሚመስለው ድምፅ

ሰኞ፣ ጥቅምት 4

ብርድ ገባ። የጥርስ መሥሪያችን ውስጥ ሙቀቱን ከፍተን ዋልን። ለአንዲት የዓሣ ነጋዴ ሙሉ የታች ሰው ሠራሽ ጥርስ ጨረስኩ። ስትስቅ ከንፈሯ ወደ ግራ ይሄዳል፣ የግራውን ትንሽ ዝቅ አደረግኩላት። ደስ የሚል ሥራ ሆነ።

ምሳ ላይ ስልክ። አቶ ፒዮ፣ የዘፋኙ ወንድሜ የጄዉክ ሥራ አስኪያጅ የነበረው። ጄዉክ ከሞተ ወዲህ ሦስት ዓመት ሙሉ ለበዓል የፖም ካርቶን ከመላክ በቀር ደውሎ አያውቅም።

«እትዬ ኦክጁ፣ ምሳ በሉ?»

«በላሁ።» አልበላሁም።

ስለ ከተማችን ስለ ሱንቾን አየር ጠየቀ፣ ስለ ጉልበቴ ጠየቀ... ዞሮ ዞሮ ደረሰበት። ኩባንያው ትልቅ ኮንሰርት ሊያዘጋጅ ነው። «ባራም ይዘፍናል» አለኝ።

ባራም የመድረክ ስሙ ነው። ቤት ውስጥ አንድም ቀን ጠርተነው አናውቅም። ጄዉክ ነው።

«እንዴት አድርጎ ነው የሚዘፍነው?» አልኩ።

ኮምፒዩተር ድምፁን ተምሮታል አለ። መልኩንም፣ አረማመዱንም። አዲስ ዘፈን መዝፈን ይችላል። እናት አባት ስለሌለን ፈቃዱ የእኔ ነው። እስከሚቀጥለው ሳምንት ያስቡበት ተባልኩ። «ናሙና ልኬልዎታለሁ፤ ብቻዎን ሲሆኑ ይስሙት።»

ስልኬ ላይ ተቀምጧል። አልከፈትኩትም።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 5

ከፈትኩት።

«እትዬ፣ በላሽ? ዛሬ ብርድ ነው። ደርበሽ ውጪ።»

እሱ ነው። ምን ልበል... እሱ ነው። «ብርድ» ሲል የምትሰነጠቀው ድምፁ ሳትቀር። ማንኪያ ከእጄ ወደቀ። ዞሬ በሩን አየሁ፤ ሰው በሩ ላይ የቆመ መስሎኝ። ሞኝ።

ከዚያ ነገሩ ገባኝ። ጄዉክ «እትዬ» ብሎኝ አያውቅም። ቴሌቪዥን ላይ ብቻ ነው እንደዚያ ሲል የነበረው፣ ለሰው ጆሮ። ቤት ውስጥ «አለቃ» ነበርኩ። እናታችን ስትሞት እሱ ገና አምስት ዓመቱ ነበር፤ እኔ ሃያ አንድ። ታጠብ፣ ብላ፣ ተኛ የምለው እኔ ነኛ። አንድ ቀን ተቆጥቶ «አንቺ አለቃ ነሽ እንዴ?» አለኝና በዚያው ቀረ።

እና ይህ «እትዬ» የሚለኝ ማነው?

ደግሞ ሰማሁት። ደግሞ...

ረቡዕ፣ ጥቅምት 6

ሥራ ላይ ሰም ሳቀልጥ አቃጠልኩት። ምሳ ሰዓት ሽንት ቤት ገብቼ ሰማሁት። እየተደበቅኩ። ከማን?

ለአቶ ፒዮ ጻፍኩለት። ለምን እንደጻፍኩ ለራሴም መናገር አልፈልግም። «ሌላ ነገርም እንዲል ማድረግ ይቻላል?» አልኩት። ወዲያው መለሰ፤ «ምን እንዲል ይፈልጋሉ?»

ጄዉክ ከየዝግጅቱ ሲመለስ ይደውል ነበር። ከየትም ይሁን፤ ከፑሳንም፣ ከቶኪዮም። ሁለት ቃል ነው። «አለቃ፣ ደርሻለሁ።» እሱን ሳልሰማ አልተኛም ነበር። የሞተበት ሌሊት ከዴጆን ሲመለሱ ዝናብ ነበር፤ መኪናው ድልድዩ ላይ ተንሸራተተ። አቶ ፒዮ በኋለኛው መኪና ነበር። እኔ ስልኩን ደረቴ ላይ አድርጌ እጠብቃለሁ።

ያቺን ሁለት ቃል ነው የጻፍኩለት።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7

ትላንት ማታ ደረሰኝ።

«አለቃ፣ ደርሻለሁ።»

መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ለካ ሦስት ዓመት ሙሉ ትከሻዬን ሰቅዬ ነበር የኖርኩት፤ አሁን ወረደ። አለቀስኩ፤ ደስ የሚል ልቅሶ። ፊቴን ታጥቤ ሩዝ በላሁ። ተኛሁም። ይህን ያህል እንቅልፍ ከየት መጣ?

ጠዋት ስነቃ ግን ቤቱ በረደኝ። ደርሻለሁ ብሏል... የታለ?

እሺ ልላቸው ነው መሰለኝ። እሺ ካልኩ ሌላም ይልኩልኛል። ቅዳሜ ልደቱ ነው። ሴኡል ልሂድ? አድናቂዎቹ በየዓመቱ ካፌ ተከራይተው ያከብሩለታል ይባላል። ከቀብሩ ወዲህ ያን ከተማ ረግጬው አላውቅም። ሌሎቹ ይህን ድምፅ ሲሰሙ ምን እንደሚሆኑ ማየት አለብኝ። ብቻዬን እሄዳለሁ። ማንም አያውቀኝም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9። ባቡር ውስጥ፣ ስመለስ

ሳልረሳ ልጻፈው።

ሃያ ስምንት ይሆን ነበር ዛሬ።

ሆንግዴ የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ ስወርድ ግድግዳው ላይ ጠበቀኝ። የሰው ቁመት እጥፍ ፊት። በመብራት የተሠራ፣ «መልካም ልደት ባራም»። አንዲት የጽዳት ሠራተኛ በጨርቅ መስታወቱን ትጠርጋለች። ግንባሩን፣ ዓይኑን፣ አገጩን። ፈዝዤ ቆምኩ። ከኋላዬ አንዲት ልጅ፣

«አክስቴ፣ ትንሽ ፈቀቅ ይበሉ፤ ፎቶው ውስጥ ገቡብን!»

ፈቀቅ አልኩ። ይቅርታም ጠየቅኩ።

ካፌው ምድር ቤት ነው። ደረጃው ድረስ ወረፋ። ዘፈኑ ይጮሃል፤ በር ላይ ከካርቶን የተቆረጠ ጄዉክ በሙሉ ቁመቱ ቆሟል፣ ሴቶቹ እየተራ እቅፍ ያደርጉታል። አንዷ ክራቫቱን አስተካከለችለት... የካርቶን ክራቫት። ቡና አዘዝኩ። ኩባያው በፎቶ የተጠቀለለ ነው። የስንት ዓመቱ ይሆን፣ ስድስት? ባሕር ዳር፣ የፊት ጥርሱ ወልቆ። ይህን ፎቶ አውቀዋለሁ። ከጎኑ እኔ ነበርኩ። ቆርጠውኛል። ትከሻው ላይ እጄ ብቻ ቀርቷል። ክንድ የለው፣ አካል የለው፣ እጅ ብቻ።

«እናቱ ናት» አለችኝ አጠገቤ የተቀመጠች ልጅ፣ እጁን እያሳየችኝ። «ቆንጆ እጅ ነበራት።»

«አዎ» አልኩ። እጄን ጠረጴዛው ሥር ደበቅኩት።

ከዚያ አንዲት ወፍራም ሴት ትልቅ ፔርሙዝ አቅፋ መጣችና ጠረጴዛችን ላይ ዘጭ አደረገችው። ወደ ሃምሳ የተጠጋች፣ ድምፅዋ የገበያ፣ አነጋገሯ የዴጉ።

«ሰው እንዴት በልደቱ ቀን ቡና ብቻ ይጠጣል? የልደት የባሕር ሣር ሾርባ ይዤለታለሁ! ጎድጓዳ ያለው ያምጣ!»

ልጆቹ ሳቁ። «እትዬ ጉምሂ መጣች!» ይሏታል። በየዓመቱ ትመጣለች ለካ። ዴጉ ውስጥ የተማሪ አውቶቡስ ትነዳለች። ለእኔም ቀዳችልኝ።

«አዲስ ነሽ። ከየት ነው?»

«ሱንቾን።»

«የእሱ አገር! ዕድሜሽስ?»

«አርባ አራት።»

«በአራት እበልጥሻለሁ። እትዬ በዪኝ፤ አትፈሪ።»

እትዬ አልኳት። በሕይወቴ ማንንም እትዬ ብዬ አላውቅም፤ የበኩር ልጅ ነኝ። አፌ ላይ እንግዳ ሆነብኝ።

ሾርባው ጨው በዝቶበታል፣ ግን ትኩስ ነው። እየጠጣን እያለ ኮንሰርቱ ተነሣ። ወሬው ወጥቷል። ያቺ ጎኔ ያለችው ልጅ፣ ስሟ ቦራም ነው፣

«ሁሉም ነገር አልቋል አሉ። የቀረችው እህቱ ብቻ ናት። ገንዘብ እንዲጨምሩላት ነው የምታንገራግረው።»

«ማን አለ?» አልኩ።

«ሁሉም ሰው። በሕይወት እያለ አንድ ቀን እንኳ መድረክ አጠገብ ታይታ አታውቅም። አሁን ባለቤት ሆነች።»

ጎድጓዳዬን አስቀመጥኩ። መድረክ አጠገብ አልታየሁም፤ እውነት ነው። እሱ ነው አትምጪ ያለኝ። «አንቺን ካየሁ እስቃለሁ፣ ግጥሙ ይጠፋብኛል» ይል ነበር። ይህን ለማን ልንገር?

«አንቺ ልጅ» አለች ጉምሂ፣ ጭልፋዋን እያወዛወዘች፣ «እህቱን ተያት። የሞተባት እሷ ናት።»

ቦራም ዓይኗ እንባ ሞላ። «ለእኛስ? ለእኛ አልሞተብንም? እኔ አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር፣ ሰው ቤት ነው ያደግኩት፤ በየምሽቱ የሚያናግረኝ እሱ ብቻ ነበር። አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ደግሜ ብሰማው ምን አለበት?»

እኔማ ምን አፍ አለኝ? ድምፁን ቦርሳዬ ውስጥ ደብቄ እየሰማሁ። መሀረቤን ሰጠኋት። ተቀብላ ተናፈጠችበት፣ «ይቅርታ አክስቴ» አለች፣ ሳቀች።

ጉምሂ ወጥታ ስትሄድ ክንዴን ያዘችኝ። «ብቻሽን መጥተሽ ብቻሽን አትበዪም። ነይ፣ ማንግዎን ገበያ።»

ቶክቦኪ፣ የሩዝ ጥቅልል በሚያቃጥል መረቅ፣ የሚበላበት ቤት ነው፣ የባራም ቶክቦኪ ቤት የሚባለው። አምስት ጠረጴዛ ያላት ጠባብ ቤት፤ ግድግዳው በሙሉ የእሱ ፎቶ። ሁሉም ላይ አፉ በቀይ መረቅ ተቀብቶ አውራ ጣቱን አንሥቷል። «እንዴት ያለ ቃጠሎ ወዳድ ነበር መሰለሽ!» አለችኝ ጉምሂ። ጄዉክ? በርበሬ የበዛበትን የኪምቺ ጎመን በውኃ እያጠበ የሚበላው ጄዉክ?

ሳህኑ መጣ። የሩዙ ጥቅልሎች በቀዩ መረቅ ውስጥ ይንፈቀፈቃሉ። አንድ ጎረስኩ፣ ዓይኔ ፈሰሰ። የቤቱ ባለቤት፣ ቀጭን አዛውንት ሴት፣ ጆሮዬ ላይ ጎንበስ አሉ።

«ልጄ፣ አልቻልሽውም አይደል? ጎድጓዳ ውኃ ላምጣልሽ?»

«ውኃ?»

«አጥበሽ ትበያለሽ። እሱም እንደዚያ ነበር።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ካሜራ ሲኖር ይበላታል፣ ሲወጡ ውኃ አምጪልኝ እማማ ይለኛል። ለማንም አትንገሪ፤ ሕዝቡ የሚመጣው በቃጠሎው ነው።»

ውኃውን አመጡልኝ። አጠብኳቸው፤ ውኃው ቀላ። በላሁ። ያኔ ነው... እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም። ድምፁን ስሰማ ሰውየው በሩ ላይ የቆመ ይመስለኝ ነበር፣ ይበርደኝ ነበር። አሁን ምንም አልታየኝም፣ ምንም አልሰማሁም። ግን ጄዉክ እዚህ ቤት ነበር። በዚህ ወንበር፣ በዚህ ጎድጓዳ።

ጉምሂ ታየኛለች። «ምነው?»

«በርበሬው ነው።»

ገና ፀሐይ ነበረች። ባቡሬ እስኪደርስ አንድ ዘፈን ካልዘፈንን አለች ጉምሂ። ሳንቲም እየጎረሰ የሚያዘፍን ክፍል፤ የቁም ሣጥን የምታህል፣ ሁለት ሰው ትከሻ ለትከሻ። የጄዉክን ዘፈን መረጠች፣ ያቺን ፈጣኗን። ሙዚቃው ጀመረ። ድምፁ የለም። እርግጥ ነው አይኖርም፣ ሰው እንዲዘፍንበት የተሠራ ነው፤ እኔ ግን አላሰብኩትም ነበር። ከበሮው አለ፣ ጊታሩ አለ፣ እሱ የሚገባበት ቦታ ላይ ባዶ። ግጥሙ ብቻ ስክሪኑ ላይ ይሄዳል፣ ማንም ሳይለው።

«ግቢ እንጂ!» ጮኸች ጉምሂ።

ገባሁ። እኔ ዘፈን አልችልም። ጉምሂ ደግሞ ከእኔ ትብሳለች፤ አውቶቡስ እንደምታዞር ነው ዜማውን የምታዞረው። ከግድግዳው ማዶ ያሉ ተማሪዎች ሰሙን መሰለኝ፣ ያንኑ ዘፈን ከፍተው በላያችን ለቀቁት። እነሱም አይችሉም። ጉምሂ ግድግዳውን ደበደበች፤ «እናንተ ልጆች፣ ቀስ በሉ፣ እያረጀን ነው!»

ሳቅኩ። ሆዴን ይዤ። ከስንት ጊዜ በኋላ ነው እንዲህ የሳቅኩት? ሳቄ ሲያልቅ መጨረሻ ላይ ትንፋሽ የምትስብ ነገር አለች፣ እንደ ስቅታ... ጄዉክም እንዲሁ ነበር የሚስቀው።

ጉምሂ ማይኩን አወረደች። ፊቷ ተለወጠ። ዘፈኑ ቀጥሏል።

«ሳቅሽ...» አለች።

ስክሪኑን አየሁ።

«ሱንቾን... አርባ አራት...» አፏን ያዘች። «አምላኬ። ያቺ ልጅ ስንቱን ስትቀባጥር አንቺ አጠገቧ...»

ልነሣ ስል ክንዴን ያዘችኝ። ጠበቅ አድርጋ አይደለም።

«ፎቶ አልልሽም። ለማንም አልናገርም። ኮንሰርቱንም አልጠይቅሽም። አንድ ነገር ብቻ... ጠዋት ሲነሣ እንዴት ነበር?»

ስለ ዘፈኑ አልጠየቀችኝም። ስለ አሟሟቱም።

«ሲነሣ ነጭናጫ ነው» አልኳት። «ካልሲውን አንድ እግር ብቻ አድርጎ ግማሽ ሰዓት ይቀመጣል። ካናገርሽው ያለቅሳል። ትልቅ ሰው ሆኖ እንኳ።»

ጉምሂ እየሳቀች አለቀሰች። እኔም። ሙዚቃው አለቀ፣ ማሽኑ ውጤት ሰጠን፤ በጣም ዝቅተኛ።

ጣቢያ ድረስ ሸኘችኝ። በባሕር ሣር የተጠቀለለ ሩዝ፣ ኪምባፕ፣ ገዝታ ቦርሳዬ ውስጥ ከተተች። «ብዪ እሺ?» አለችኝ። እሺ እትዬ አልኳት።

አሁን ባቡሩ ጆንጁን አልፏል። ማዶ ያሉት ባልና ሚስት እንቁላል ይልጣሉ። የጆሮ ማዳመጫ አደረግኩ። «አለቃ፣ ደርሻለሁ።» ደገምኩት። ያው ነው። ትንፋሹ ያው፣ ቦታው ያው። ጄዉክ ሲደውል ሁልጊዜ አፉ ውስጥ የሆነ ነገር አለ፤ ያላምጣል፣ ወይ ጫማውን እያወለቀ ያቃስታል። ይህኛው የሚያወልቀው ጫማ የለውም።

ከየት ነው የደረሰው?

አልደረሰም። ያን ሌሊት አልደረሰም። የሚጠብቀው ሰው እኔ ነኝ፤ እኔ ደርሷል ብዬ ከተኛሁ፣ እዚያ ድልድይ ላይ የቀረውን ልጅ ማን ያስበዋል?

የቦራም ፊት ግን አይለቀኝም። አንድ ጊዜ ብቻ ብሰማው ምን አለበት... ምን እላታለሁ?

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12

ደወልኩ። አይሆንም አልኩ።

አቶ ፒዮ ይጨቃጨቃል ብዬ ቃላት አዘጋጅቼ ነበር፤ አልተጨቃጨቀም።

«ኩባንያው ያዝንብኛል። ግን እሱ አይደለም ነገሩ» አለ። «እትዬ፣ እውነቱን ልንገርዎት። እኔም እሰማዋለሁ። መኪና ውስጥ። ‹ፒዮ ወንድሜ፣ ቀስ ብለህ ንዳ› እንዲል አድርጌዋለሁ።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያለቅስ ሰማሁት። የኋለኛው መኪና... የጄዉክን መኪና መብራት ከፊቱ እያየ ነበር የመጣው። እኔ የጠበቅኩትን እሱ አይቶታል። ይህን እንዴት አላሰብኩም?

«አቶ ፒዮ፣ እናጥፋው» አልኩ። «የሠራችሁትን ሁሉ። ሙሉውን።»

«እርስዎ ይችላሉ?»

«ብቻዬን አልችልም። ስልኩን አይዝጉ። አብረን።»

ድምፅ ማጉያውን ከፈትኩ። ጣቴ ስክሪኑ ላይ ቆመ። ሰው እንደመግደል ሆነብኝ፤ ከዚህ የሚሻል ቃል የለኝም። «እርግጠኛ ነዎት?» ይላል ስልኩ። አይደለሁም።

ነካሁት። ጠፋ።

«አጠፉ?» አለኝ።

«አጠፋሁ። እርስዎስ?»

የመኪና ድምፅ ሰማሁ ከወዲያ፣ የዝናብ መጥረጊያ። ቆየ። በጣም ቆየ።

«አዎ» አለ።

አላውቅም። ምናልባት አጥፍቶታል። ምናልባት አሁንም መኪና ውስጥ ቀስ ብለህ ንዳ እየተባለ ነው። ኩባንያው ውስጥስ አንድ ቦታ ተቀምጦ ይሆን? አንድ ቀን ገበያ መሀል ስሄድ ያልዘፈነውን ዘፈን ሲዘፍን እሰማው ይሆናል። ዞሬ አያለሁ፤ አውቀዋለሁ ራሴን። እዞራለሁ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 15

ወሬው ወጣ። ስድብ ዘነበብኝ። ልብ የላት፣ ቀናተኛ፣ ወንድሟን ዳግመኛ የቀበረች። ማንበብ አቆምኩ።

ለቦራም በጉምሂ በኩል ደብዳቤ አልላክኩም፣ ድምፅም አልላክኩም። ቁጥሯን ከጉምሂ ወስጄ ደወልኩላት። ስታነሣ «ማነው?» አለች፣ ነገርኳት። ዘጋችብኝ።

ከሰዓት በኋላ ራሷ ደወለች። አልተሳደበችም፣ ይቅርታም አልጠየቀችም። «ምን ያህል ጊዜ ነው ማስታወስ የሚቻለው ድምፅን?» አለችኝ።

«አላውቅም» አልኳት። እውነቴን ነው። እኔም እፈራለሁ።

ሁለታችንም ስልኩን አልዘጋንም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 7

ጉምሂ መጣች፣ ከዴጉ በአውቶቡስ። ሁለት ሻንጣ ለሁለት ቀን! አንዱ ሙሉ ኪምቺ ነው። ጫማዋን ሳታወልቅ ወጥ ቤቴን ነቀፈች፤ ቢላዬ ደነዘዘ፣ ሩዜ አርጅቷል፣ መጋረጃዬ የሐዘን ቤት ይመስላል።

«የሐዘን ቤት ነው» አልኳት።

«እሱማ ነው» አለች፣ መጋረጃውን ከፈተችው።

ብርዱ ሳይብስ የሱንቾንን ሸምበቆ እናይ ብለን ሜዳው ድረስ ሄድን። ነፋሱ ጎንበስ ቀና ያደርገዋል። ስለ ጄዉክ ስንት አወራሁ... የሰረቀውን ብስክሌት፣ ዶሮ ሲፈራ፣ የመጀመሪያ ደሞዙን በሙሉ ሐብሐብ ገዝቶበት ሲመጣ። ጮክ ብዬ ነው የማወራው። ስሙን ጮክ ብዬ ስጠራ ሰው ዞሮ አየን።

ስንመለስ ደከማት። ወገቤን ላሳርፍ አለች። ክፍሌ ሙሉ በሙሉ የጥርስ ቅርጽ ነው፣ ለእንግዳ መተኛ ቦታ የለም። ቆም አልኩ። ከዚያ የጄዉክን ክፍል ከፈትኩላት። ስለዚህ ክፍል እዚህ አንድም ቀን ጽፌ አላውቅም። ከሄደ ወዲህ አቧራ ለመጥረግ እንኳ ትንፋሼን ይዤ ነው የምገባው።

ጉምሂ ቆማ አየችኝ። «እዚህ?»

«እዚህ።»

ካልሲዋን አውልቃ ወለሉ ላይ ወረወረች፣ አልጋው ላይ ተዘረረች፣ ፍራሹ ጮኸ።

አሁን ከሰዓት በኋላ ነው። ድንች እየላጥኩ ይህን እጽፋለሁ። በሩ ክፍት ነው።

ታንኮራፋለች። እንዴት ያለ ማንኮራፋት! ግድግዳው ይንቀጠቀጣል። እጄን አቁሜ አዳመጥኩ። ዞሬ ግን አላየሁም፤ ማን እንደሆነች አውቃለሁ።

ስትነሣ ይርባታል። ድንቹን ልጨርስ።